ለስምንት ክፍል የተለካ ሞተር

ይድረስ ለልጄ ባል፤

ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው። ሰባ ስምንት ስልህ በሰው ክንድ ተደግፌ የምሄድ እንዳይመስልህ። ጫማዬን ጎንበስ ብዬ ራሴ አስራለሁ። ሽሮዬን ራሴ እሠራለሁ፤ እንደ ባለቤቴ እንደ አለም፣ ነፍሷን ይማርና፣ ባይጣፍጥም ይበላል። የግቢውን በር ማጠፊያ ግሪስ የምቀባው እኔ ነኝ። ባለፈው ሳምንት ጣሪያ ላይ ወጥቼ የውሃውን ሮቶ አጥቤያለሁ፤ ተከራዬ ሲቲ ከታች ቆማ «ሊወድቁ ነው!» እያለች ስትጮህ ነበር። የወደቀ የለም። ይህን ደብዳቤም የምጽፈው በገዛ እጄ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነውና መስመሬ ቢወላገድ አትሳቅብኝ። ቃሌ አልተወላገደም።

ጤና መጠየቅ ወግ ነውና እጠይቅሃለሁ፤ እንዴት ከርመሃል? ደህና እንደምትሆን እገምታለሁ። የሰው ቤት ለመለካት የሚነሳ ሰው መቼም ጤነኛ ነው። ልጆቹስ? የትንሹ ሳል ተሻለው? ማር ስጡት ብዬ ነበር፤ እናንተ ሽሮፕ ነው የምታምኑት። ልጄን ሉዋምን ሰላም በልልኝ። አይ፣ ተወው፤ ሰላምም አትበልልኝ፤ ደብዳቤ እንደጻፍኩ አትወቅ። ሩዋንዳ ሰፈር ወዳለው ቤታችሁ ሳይሆን ወደ ቢሮህ የላክሁት ለዚህ ነው። ስልክ ያልደወልኩትም ለዚሁ ነው፤ አንተ መኪና ውስጥ ሆነህ የሰውን ድምፅ ለመንገደኛው ሁሉ ታሰማለህ። ይህ ላንተ ብቻ ነው። አንብበህ ቅደደው።

ያን የመብራት ሞተር ያመጣህ ቀን ትዝ ይልሃል? ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ በሬ ላይ ክሬን የጫነ መኪና ቆሞ አገኘሁ። የሰፈሩ ሰው ከቦታል። ላጲሶ፣ አጥር የሚጋራኝ የሆሳዕናው ሰው፣ «ጋሼ፣ ቤትዎን ሊያነሱት መጡ እንዴ?» ብሎ ቀለደ። ያን ጊዜ ሳቅኩ። አሁን ሳስበው ከሁላችንም እሱ ቀድሞ ገብቶታል። አንተ ሸሚዝህን ሰብስበህ፣ «አባባ፣ መብራት በሄደ ቁጥር ሲቸገሩ አላስቻለኝም፤ ከእንግዲህ ጨለማ የለም» አልከኝ።

የት እንዳስቀመጥከውም አውቃለሁ። ወፍጮዬ በነበረበት ሲሚንቶ ላይ። ያ ሲሚንቶ ጎሮ ገና እርሻ በነበረበት ዘመን፣ ገበሬው ስንዴውን በአህያ እየጫነ ሲመጣ፣ ሞተሬ የተቀመጠበት ነው። ሉዋም ያደገችው በዚያ ድምፅ ነው፤ የተማረችውም በዚያ ዱቄት። ወፍጮው ከቆመ ወዲህ አለም ልብስ ታሰጣበት ነበር እንጂ ሌላ ዕቃ አርፎበት አያውቅም። ያንተ ሞተር በሰንሰለት ተንጠልጥሎ ቀስ እያለ እዚያ ላይ ሲወርድ ልቤ ምን እንዳለ ልንገርህ? «ይህ ልጅ ገብቶታል» አለ። በስተርጅና ሞተሬን መለሰልኝ ብዬ አሰብኩ። በሰው ሁሉ ፊት አቅፌ መረቅኩህ። አጭር ምርቃትም አልነበረም፤ የክሬኑ ሰውዬ ሰዓቱን እያየ ነበር። ምርቃት የሚመለስ ነገር ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ቀለም አላባክንም ነበር፤ ቢሮህ መጥቼ መልሼ እወስድብህ ነበር።

እንግዲህ መብራት ሲሄድ አስነሳዋለሁ። ሲነሳ ግቢው ይንቀጠቀጣል። ለምን? ለሁለት አምፖል፣ ለኔና ለሲቲ ፍሪጅ። አንተ ሞልተህ የሄድከው ናፍጣ ቶሎ አለቀ። ጀሪካን ይዤ ማደያ ሄድኩ፤ በጀሪካን አይቀዳም፣ ወረቀት አምጡ አሉኝ። ወረቀቱን ለማግኘት ወረዳ ተመላለስኩ። ልጅቷ «አባቴ፣ ድርጅት ነው ወይስ ግለሰብ?» አለችኝ። «ሰው ነኝ» አልኳት። የማሽኑን መጠን ስነግራት ቀና ብላ አየችኝና «ይሄ የድርጅት ነው» አለች። እሷም ገብቷት ነበር ማለት ነው። ያልገባኝ እኔ ብቻ ነኝ።

ናፍጣው እንዲህ ሲያስቸግረኝ የማውቀውን አደረግኩ። የወፍጮ ሕግ አንድ ነው፤ እህል ካለ ሞተሩን ትለቀዋለህ፣ እህል ካለቀ ወደ ሚኒሞ፣ ወደ ዝቅተኛው ፍጥነት፣ ታወርደዋለህ። ባዶ ወፍጮ የሚያስሮጥ ሰው ድንጋዩንም ናፍጣውንም ይጨርሳል። የኔ ቤት ደግሞ ባዶ ወፍጮ ነው፤ ምን እህል አለው? ስለዚህ ሽፋኑን ከፍቼ ፍጥነቱን የሚይዘውን ብሎን በመፍቻ ላላ አደረግኩት። ድምፁ ወረደ፣ ረጋ፤ ልክ እንደ ድሮው ሞተሬ ዱ… ዱ… ዱ… ማለት ጀመረ። ወንበር አውጥቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። አምፖሉ ትንሽ ይርገበገብ ነበር። ጎሮ ውስጥ የማይርገበገብ አምፖል አሳየኝ።

ሲቲን ታውቃታለህ፤ ከጓሮ ያለችውን ክፍል ተከራይታ ለግንባታ ሠራተኞች እርጎና ጁስ የምትሸጠውን። እሷ መጣችና «አባባ፣ ፍሪጄን ትኩሳት ይዞታል፤ ሐኪም ይጥሩልኝ» አለችኝ። ጀርባውን ብነካው እንደ ካውያ ይፋጃል። «አርጅቶብሽ ነው» አልኳት። «ከእርስዎ በዕድሜ ያንሳል፤ እርስዎ ምን ሆኑ?» አለችኝ። ምላሷ እንደዚያ ነው። በማግስቱ ፍሪጁ ጭራሽ ዝም አለ። እርጎዋ ሁሉ ተበላሸ።

በዚያው ሰሞን ደግሞ የሞተሩ ማርሚታ፣ ጭስ ማውጫው፣ ጥቁር ቅባት መትፋት ጀመረ። የላጲሶ ሚስት ለእሁድ መዘምራን አጥባ ያሰጣችው ነጭ ልብስ ሁሉ ነጠብጣብ ሆነ። ላጲሶ በአጥሩ ላይ አንገቱን ብቅ አድርጎ «ጋሼ፣ አውቶቡስ ተራን ወደ ጎሮ አዛወሩት እንዴ?» አለኝ። «አንተ በጸሎት ቤትህ ድምፅ ማጉያ፣ እኔ በሞተሬ» አልኩት። እሱ ሳቀ። ሚስቱ ግን አልሳቀችም፤ ልብሱን አንድ በአንድ ከገመዱ ላይ አንስታ ገባች።

ከዚህ በኋላ ነው ሙስአብን የጠራሁት፤ ሞተሩን የገጠመውን ያንተን ሰው። ስልክ ቁጥሩ ሽፋኑ ላይ ተለጥፏል። መጣ፤ ገና ከበር ድምፁን ሲሰማ ፊቱ ተቀየረ። «ማን ነው የነካው?» አለ። «ባለቤቱ» አልኩት። አጥፍቶ ብሎኑን ካየ በኋላ፣ «አባባ፣ ይሄ እኮ ወፍጮ አይደለም። ወፍጮ ቢዘገይ ዱቄቱ ይዘገያል እንጂ ያው ዱቄት ነው። ይሄ ከተለካለት ፍጥነት ከወረደ የሚሰጠው መብራት ራሱ ይበላሻል፤ የፍሪጅ ሞተር ይግላል፣ ይቃጠላል። አንድ አምፖልም ይሰካ መቶ፣ ፍጥነቱ አንድ ነው፤ የሚለዋወጠው የሚጠጣው ናፍጣ ብቻ ነው» አለኝ። «እኔ ሞተር ሳስነሳ አንተ አልተወለድክም» አልኩት። «ይሄ ሞተርም አልተወለደም ነበር» አለኝ። ውሸታም አልኩት፤ ሲቲም ላጲሶም እየሰሙ። ፍጥነቱን ወደ ቦታው መልሶ አስነሳው። የአምፖሉ መርገብገብ ቆመ። አየሁት።

«ጭሱስ?» አልኩት። «ሥራ ፈትቶ ነው» አለ። «ትልቅ ሞተር ትንሽ ሥራ ከሰጡት ነዳጁን በደንብ አያቃጥልም፤ ያልተቃጠለውን በማርሚታው ይተፋል። ቤቱን እንይና ምን ያህል እንደሚፈልግ እንደምር» አለኝ። ተያይዘን ዞርን። አምፖሉን፣ ፍሪጁን፣ ቴሌቪዥኑን፣ ካውያውን፣ ውሃውን ወደ ሮቶ የሚገፋውን ፓምፕ፣ ሲቲ ጋ ያለውን። የማበስለው በጋዝ ነው። «ሁሉም በአንድ ጊዜ ቢሰካ ሦስት ኪሎዋት አይሞላም። ፓምፕና ፍሪጅ ሲነሱ ጎተት ስለሚያደርጉ ለመነሻ ጨመር እናድርግለት፤ አምስት ኪሎዋት የምትሰጥ ትንሽ ሞተር ትበቃዎታለች» አለኝ። «ይህኛውስ?» አልኩት። «ይሄ ሠላሳ ነው» አለ።

እውነቱን ልንገርህ፤ ያን ጊዜ እንኳ ላንተ ላዝንልህ ነበር። ለክብሬ ብሎ ትልቁን ገዛልኝ፣ ነጋዴ አታለለው ልል ነበር። ሙስአብ ግን ዕቃውን ወደ ሳጥኑ እየመለሰ፣ ምንም ክፋት ሳይኖርበት፣ «ግድ የለም፤ የሻወር ማሞቂያዎቹ ሲገቡ ሥራ ያገኛል። መቼ ነው የሚገቡት?» አለኝ።

«የምን ማሞቂያ?»

«የስምንቱ ክፍል ነዋ፤ የእንግዳ ማረፊያው» አለ።

የእንግዳ ማረፊያው! ስማ፤ እኔ የምታጠበው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። ስምንት ማሞቂያ ልትገጥምልኝ ከሆነ ከእያንዳንዱ ሥር ለመድረስ ሁለት ወር ያስፈልገኛል። ያኔ ነው ሁሉም ነገር የገባኝ። ሞተሩ በመጠን አልተሳሳተም። ልክክ ብሎ ነው የተለካው። አንተ የለካኸው እኔ ያለሁበትን ቤት ሳይሆን እኔ የወጣሁበትን ቤት ነው።

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። አንተ አጥሩንም አልነቀነቅክም፤ ከላይ በክሬን ገባህ። የአለም ተዝካር በተበላ ማግስት፣ ሳሎኔ ውስጥ ተቀምጠህ፣ «አባባ ብቻቸውን አይኑሩ፤ ሩዋንዳ እኛ ጋ ይምጡ፣ ባለ በረንዳ ክፍል አለ» ስትል ምን አልኩህ? እምቢ አልኩህ። በአማርኛ ነው ያልኩህ። አንተም «እሺ አባባ» አልክ። ያን እሺታህን አምኜ ተኛሁ። እንዳንተ እሺ የሚል ሰው አላየሁም። እምቢ የሚል ሰው ቢያንስ ይሟገትሃል፤ አንተ እሺ ብለህ ሄደህ ሞተር አዘዝክ።

በረንዳውን አውቀዋለሁ። ባለፈው ገና ቀኑን ሙሉ አስቀመጣችሁኝ። ከአምስተኛ ፎቅ ወደ ታች የሰው አናት አየሁ። ሠራተኛችሁ ጁስ አመጣችልኝ፣ ብርድ ልብስ አመጣችልኝ፣ እንደገና ጁስ አመጣችልኝ። መፍቻ የሚያስፈልገው አንድ ነገር በቤታችሁ ውስጥ የለም። ያ ኑሮ ለሰው ይሆናል፤ እጁ ለሞተበት ሰው። የቤቴ ካርታ በስሜ ነው፤ እኔ እያለሁ ከዚህ ቤት እንግዳ የሚገባው እኔ በሬን ከፍቼ ግባ ስለው ነው።

አሁን ልጽፈው ወዳልፈለግኩት ነገር ደረስኩ።

ሙስአብን «ስምንት ነው ያለህ ማን ነው?» ብዬ ጠየቅኩት። ቤቴ ዘጠኝ ክፍል ነዋ፤ አንድ አንድ እያልኩ የሠራሁት እኔ ነኝ። «እትዬ ናቸው ያስለኩኝ፤ እርስዎ ዕድር ስብሰባ የዋሉ ዕለት» አለ። የምን እትዬ? እንዴትስ ገባችሁ? ቁልፍ ነበራቸው አለ። ውሻውስ? «አልጮኸም። እግራቸው ሥር ተንከባለለ» አለኝ። የማድ ቤቱን በር ታውቀዋለህ፤ በጉልበት ከፍ አድርገው ካልገፉት አይከፈትም፤ አንተ ራስህ እስከዛሬ አልቻልክበትም። እሳቸው ከፍ አድርገው ከፈቱት አለ። «ዘጠነኛዋስ?» አልኩት። «እሷ በር ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ገባም አላሉ። ይቺን ዝለላት፣ አትጻፋት አሉኝና ወደ ግቢ ወጡ። ቆየት ብለው ነው የመጡት» አለ። ዘጠነኛዋ አለም ታማ የተኛችባት ናት።

ያቺ ሴት እህትህ ናት።

እኔ እንደዚያ ይዤዋለሁ። እህትህ እዚህ ግቢ ረግጣ አታውቅም ትል ይሆናል፤ ቢሆንም እህትህ ናት። ውሻውም ቢሆን ሰው ይወዳል። ላጲሶን ሁለት ጊዜ ነክሶታል፤ ቢሆንም ሰው ይወዳል። ለሙስአብም «የአማቼ እህት ትሆናለች» አልኩት። መሬት መሬት አየና «ትሆናለች፣ አባባ» አለኝ። ጨዋ ሰው ነው።

እንግዲህ የምልህን ልብ ብለህ ስማ። ማንም ቢጠይቅህ የእንግዳ ማረፊያውን ሐሳብ ያመጣሁት እኔ ነኝ በል። ሞተሩን የመረጥኩት፣ ክፍሉን ያስለካሁት እኔ ነኝ በል። ነገሩን በጫንቃህ ላይ አድርገህ እንደ ወንድ ተሸከመው። ካንተ ጋር መጣላት እችላለሁ። ዓመት ቢፈጅም፣ በዓል መጥቶ ቢሄድም፣ ፊቴን አዙሬብህ መኖር እችላለሁ፤ ለዚያ የሚበቃ ጉልበት አለኝ። ለሌላ ጠብ የሚሆን ግን የለኝም። ቤቱንም ደምሬዋለሁ፣ ራሴንም ደምሬዋለሁ፤ አይበቃም።

ክሬኑን መልሰህ ላክና ሞተሩን አንሳ። እኔ የምትበቃኝን ትንሿን ከሙስአብ ጋር ሄጄ እመርጣለሁ፤ ብሎኗንም አልነካም። ሉዋም ለምን ተመለሰ ካለችህ፣ ጭሱ ጎረቤት አስቸገረ በላት። አባባ ተቆጣ ወይ ካለችህ፣ አዎ፣ በእኔ ተቆጡ በላት። እንደ ልማድህ እሺ ብለህ ሌላ እንዳታደርግ። ይህን አንዱን እሺታህን እውነት አድርገው።

ላንተ የሚሆነውን ምርቃት አስቀድመህ ወስደሃልና አልደግምልህም። ልጆቹን ግን እግዚአብሔር ያሳድግልህ። ከሳል ከጉንፋን ይጠብቅልህ። እሺ ሲሉ እሺ፣ እምቢ ሲሉ እምቢ የሚሉ ሰዎች ያድርግልህ። ለእናታቸው ዕድሜ ይስጥልኝ፤ ልቧን ያሳርፍልኝ፤ የሚያስለቅሳትን በር ይዝጋላት።

የሚስትህ አባት

ከፈረምኩ በኋላ ትዝ ያለኝ አለ። «አባባ ያበላሹትን እኛ እንጨርስ» ብለህ በስተኋላዬ ሰው እንዳትልክ። ዕዳዬን አውቀዋለሁ፤ የምከፍለውም ራሴ ነኝ። የሲቲን ፍሪጅ በጋሪ አስጭኜ ወሎ ሰፈር አደርሰውና ሞተሩን አስቀይርላታለሁ፤ እስኪመለስ እርጎዋ በኔ ፍሪጅ ያድራል፣ የኔ ሽሮ ደግሞ ውጭ ያድራል። ለላጲሶ ሚስት ነጭ ጨርቅ ገዝቼ ደጇ ድረስ ራሴ እወስዳለሁ፤ እስክትስቅም ከደጇ አልሄድም። ሙስአብን በሰው ፊት ውሸታም ብዬዋለሁ፤ እውነተኛ መሆኑን በሰው ፊት እነግረዋለሁ፤ ሲቲ ትስማ፣ ላጲሶም ይስማ። የአለም መቃብር ድንጋይ በክረምቱ በአንድ ጎኑ ሰምጧል፤ አካፋ ይዤ ሄጄ አቃናዋለሁ፤ ቀን ሠራተኛ አልልክም።

ለሉዋም ያለብኝ አንድ ጥያቄ አለመጠየቅ ነው። እሱ በአንድ ጊዜ ተከፍሎ የሚያልቅ ዓይነት አይደለም። በመጣች ቁጥር፣ እፊቷ ተቀምጬ፣ ትንሽ ትንሽ እያልኩ እከፍለዋለሁ።